አባቴ ፊልም ሲከፈት ጋቢያቸውን ይዘው ይወጣሉ

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምጽፍልዎ ከፍኖተ ሰላም ነው። አስተማሪ ነኝ፤ የምሠራው ሌላ ወረዳ ቢሆንም ክረምቱን ከቤተሰቤ ጋር ልከርም መጥቻለሁ። ስመጣ አንድ ጓደኛዬ ፊልም የሞላ ሃርድ ዲስክ አዋሰኝ፤ ሰማንያ ምናምን ፊልም አለበት። እንደሚያውቁት ማታ በጊዜ ነው የምንገባው፤ ሌሊቱ አልነጋ ይላል። ቤተሰቡን ላጫውት ብዬ ላፕቶፔን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘሁት። ቤት ውስጥ አባቴ፣ እናቴ፣ አያቴ፣ የ15 ዓመት እህቴና የ9 ዓመት ወንድሜ አሉ። በመጀመሪያው ማታ ሽልማት በሽልማት ነው የተባለለትን የፈረንጅ ፊልም ከፈትኩ። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላው የማይታይ ነገር መጣ። ላሳልፈው ብዬ ወደፊት ስገፋው ምስሉ እዚያው ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። ቴሌቪዥኑን ላጥፋ ብል ሪሞቱ የለም። አባቴ ሁለት ጊዜ ሳሉ፤ ጋቢያቸውን አንሥተው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ላፕቶፑ ሲከፈት እሳቸው ይወጣሉ፤ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሬዲዮ ያዳምጣሉ። እናቴ “ጽሑፍ አንብቢ አትበለኝ” ትላለች። አያቴ ደግሞ “ይኼ ሰውዬ የማን ልጅ ነው?” ስትል፣ ለእሷ ስንመልስ ፊልሙ ያልፈናል። እትዬ፣ ምን ልክፈት? እርስዎ በቅርቡ ያገኟቸው፣ ቤት ውስጥ የሚታዩ ፊልሞች ካሉ ይጠቁሙኝ።

ሪሞቱ የጠፋበት፣ ከፍኖተ ሰላም»

ሪሞቱ ለጠፋብህ ወንድሜ፣

ደብዳቤህን ሳነብ ሳቄን መያዝ አቃተኝ፤ አትቀየመኝ። ያቺን ቀጥ ብላ የቆመች ምስል እኔም አውቃታለሁ። ከዓመታት በፊት እናቴ ከቢቸና እኔ ዘንድ ደብረ ማርቆስ መጥታ ሳለ እንዲሁ የተመሰገነ ነው የተባለ ፊልም ከፈትኩላት። ነገሩ ሲመጣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አደረገች። ትንሽ ቆይታ ከነጠላው ሥር «አለፈ?» አለችኝ። «ገና ነው እማዬ።» ዝም። «አሁንስ?» «ገና።» «ምነው፣ እነዚህ ሰዎች ሥራ የላቸውም እንዴ!»

አባትህ ግን ያላቸው ነጠላ ሳይሆን ጋቢ ነው፤ ጋቢ ደግሞ ለብሰውት ይወጡበታል እንጂ አይሸፈኑበትም።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። አባትህ ፊልም ጠልተው አልወጡም። እናት፣ ሚስትና ሴት ልጅ በተቀመጡበት ክፍል ውስጥ በዚያች ደቂቃ ፊታቸውን ወዴት እንደሚያዞሩት ስለጠፋቸው ነው የወጡት። በእኛ አገር ሳል ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። የመጀመሪያው ሳል «አጥፋው» ነበር፤ ሁለተኛው «ካላጠፋኸው እኔ ልጥፋ»። አንተ የመጀመሪያውን አልሰማህም፤ ሪሞት ትፈልግ ነበር።

በሁለተኛውና በሦስተኛው ማታ የወጡት ግን በሌላ ምክንያት ይመስለኛል። እስቲ የቤታችሁን አቀማመጥ አስበው። አንተ እንግሊዝኛውን ትሰማለህ፤ እህትህ ጽሑፉን ታነባለች፤ ትንሹ ልጅ መኪናው ሲገለበጥ ይበቃዋል። አያትህ እንኳ ያሻቸውን ይጠይቃሉ፤ አርጅተዋልና ማንም አይታዘባቸውም። አባትህ ግን መጠየቅ አይችሉም። በዚያ ቤት ሲጠየቁና ሲመልሱ የኖሩ ሰው፣ በገዛ ወንበራቸው ላይ ምን እንደሚባል የማያውቁ እንግዳ ሆነው ቁጭ አሉ። ይኼ ከዚያች ምስል ይልቅ ያስወጣል። ስለዚህ ጨዋ ፊልም ፈልግ ብቻ ብዬ አልመክርህም። ጨዋ ፊልም ሞልቷል፤ ብዙውም እንቅልፍ ነው። አባትህ ከአንተ ይልቅ የሚያውቁበትን ፊልም ነው መፈለግ ያለብህ።

ፍንጩን አንተው ጽፈኸዋል፤ በረንዳ ላይ ሬዲዮ ያዳምጣሉ ብለሃል። የእሳቸው ትውልድ በጆሮው ያደገ ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ታትሞ ሲወጣ ያነበበው ፊደል የቆጠረው ነበር፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ግን ፊደል ያልቆጠረውም ሁሉ ሰማው። ፊታውራሪ መሸሻን በዓይኑ ያየ ሰው የለም፤ በድምፅ ግን ጎረቤት ሆነው ቀሩ። ከዚያ ላይ ደግሞ እኛ ጎጃሞች ነን፤ ዋሸራና ጎንጅ የቅኔ መምህር ሲያፈሩ በኖሩበት አገር ሰው ንግግርን እንደ ጠላ ቀምሶ ነው የሚፈርደው፦ ቀጥኗል፣ ጠንቷል፣ ጌሾ በዝቶበታል። እንዲህ ያለውን ሰው ከስክሪኑ ግርጌ የምትሮጥ ጽሑፍ ተከተል ማለት ጆሮውን ደፍነህ በዓይኑ አዳምጥ እንደማለት ነው።

ወደ ፊልሞቹ ልግባ። የእህቴ ልጅ ለፋሲካ መጥቶ ፍላሽ ሞልቶልኝ ሄዶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህም ከዚህም ከዚያም ያገኘሁት አለ። ሁሉን አልዘረዝርልህም፤ ግማሹን እኔም ከአጋማሹ አቋርጬዋለሁ።

መጀመሪያ የምትከፍተው «ቁራኛዬ»ን ነው። ሞገስ ታፈሰ የሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ የአማርኛ ፊልም ነው። ታሪኩ ወደ መቶ ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ይመልስሃል፤ አንድ የቅኔ ተማሪ የተወሰደችበትን ፍቅረኛውን ፍለጋ ይወጣል፤ ነገሩ ተካሮ ሰውና ሰው በአንድ ሰንሰለት ተቆራኝቶ ወደ ዳኝነት እስከሚጓዝበት ይደርሳል። ዛሬ «ምን እንደ ቁራኛ ትከተለኛለህ» ስንል ቃሉን እንጂ ነገሩን አናስበውም። የድሮ ከሳሽና ተከሳሽ እውነትም በኩታ ጫፍ ተቋጥረው ወይም በሰንሰለት ተያይዘው ዳኛ ፊት እስኪደርሱ አብረው ይሄዱ ነበር፤ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ። ፊልሙ ይህችን አንዲት ሥርዓት ይዞ ነው ሰውን የሚያየው። የኔን ፍርድ ከጠየቅኸኝ ከመሐል ትንሽ ይጎተታል፤ ለአባትህ ግን መጎተቱ ጉዳት የለውም፤ የገጠር መንገድ መቼ ቸኩሎ ያውቃል።

ስትከፍተው አባትህን አትጥራቸው። «አባባ ይኼ እንኳ ጥሩ ነው» ብትል ይቅርታ መጠየቅህ ነው፤ ይቅርታ ከተጠየቁ ደግሞ የተጠየቁበት ነገር ይነሣል። የበረንዳውን መስኮት ክፈት፤ ድምፁን ከወትሮው ትንሽ ከፍ አድርገው። የሬዲዮኑ ዜና አልቆ ማስታወቂያው ሲጀምር የፊልሙ አማርኛ እሳቸው ጆሮ ይገባል። ቅኔውን ሲሰሙ ቢያንስ ተሳስቷል ለማለት መነሣታቸው አይቀርም። የቅኔ ቤት ደጅ የረገጠ ሰው ሌላው ሲዘርፍ ሰምቶ ዝም አይልም። የእሳቸውን ወንበር ማንም አይቀመጥበት፤ ቡና ከተፈላም ስኒያቸው ከረከቦቱ ላይ አይጉደል። ሲገቡ ዞር ብለህ አትያቸው። ሲቀመጡም ስላለፈው ታሪክ አታስረዳ፤ «ይኼ ቁራኛ የሚባለው በእናንተ ጊዜ ይወራ ነበር?» ብለህ ጠይቅና ላፕቶፑን አቁመው። የፈለገውን ያህል ሰዓት አቁመኸው ብትቆይም ግድ የለም። ሲኒማ ቤት ሄደን ብናይ ይኼ አይገኝም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስጠንቅቅህ። የትኛውንም ፊልም፣ እኔ የነገርኩህንም ጨምሮ፣ ሰው ሲተኛ አስቀድመህ ብቻህን እየው። አንዱ ቤት ያለፈው ትዕይንት ሌላው ቤት አያልፍም። የማይታይ ነገር ካገኘህበት ያንን ፊልም ለሌላ ቀን አቆየው እንጂ ሰው ፊት ላሳልፈው አትበል። ማሳለፍ «እዚህ ላይ ነገር አለ» ብሎ ማወጅ ነው። ከዚያም በላይ ያች ምስል ለምን እንደቆመችብህ ልንገርህ፤ የእህቴ ልጅ ነው ያስረዳኝ። ብዙዎቹ አዳዲስ ፊልሞች ኤችኢቪሲ በሚባል አጨማመቅ ተጨምቀው ነው የሚመጡት፤ ፋይሉ ያንሳል፣ መፍታቱ ግን ለላፕቶፕ ከባድ ነው። ያረጀ ላፕቶፕ በቀጥታ ሲሄድ እንደምንም ይወጣዋል፤ ወደፊት ስትገፋው ይደናገጣል፣ ምስሉ ተቸክሎ ይቀራል። ዲስኩም በበኩሉ እንዳያዘገየው ከላዩ ላይ በቀጥታ አታጫውት፤ የማታውን ፊልም ቀን ላፕቶፑ ላይ ገልብጠው። የአንዱ ፊልም ሁለት ዓይነት የምስል ጥራት ካለህ ትልቁን ትተህ 720 የሚለውን ምረጥ፤ በእናንተ ቴሌቪዥን ልዩነቱን የሚያይ አይን የለም። ፍላሽ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰክተህ ልታይ ካሰብህ ደግሞ፣ ፍላሹ ፎርማት የተደረገው በፋት 32 ከሆነ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል አይቀበልህም። ቴሌቪዥኑ ድምፁን አሰምቶ ምስሉን ከከለከለህ እንደገና ያው ኤችኢቪሲ ሳይሆን አይቀርም፤ ቴሌቪዥኑ ተበላሸ አትበል።

ሁለተኛው ማታ የኢራን ፊልም ነው። ማጂድ ማጂዲ እ.ኤ.አ. በ1997 የሠራው፣ በአማርኛ «የገነት ልጆች» ልንለው የምንችለው ነው፤ ዲስክህ ላይ «ቺልድረን ኦፍ ሄቨን» ተብሎ ታገኘዋለህ። ዓሊ የሚባል ልጅ የእህቱን ጫማ አሰፍቶ ሲመለስ ይጠፋበታል። ቤት ውስጥ ገንዘብ የለም፤ ስለዚህ ለወላጆቻቸው ሳይናገሩ አንዱን የዓሊን ሸራ ጫማ ለሁለት ይማሩበታል፤ እሷ የጠዋት ተማሪ፣ እሱ የከሰዓት። እሷ ከትምህርት ቤት እየሮጠች ትመጣለች፣ መንገድ ላይ ይቀያየራሉ፣ እሱ እየሮጠ ይሄዳል። በቃ፤ ፊልሙ ይኼ ነው። አንድ ሰዓት ተኩል አይሞላም፤ ተኩስ የለበትም፣ ማንም ማንንም አይስምም፣ እኔ ግን እንደዚያ ልቤ ተሰቅሎ ያየሁት ፊልም ጥቂት ነው። ለኦስካር ከታጩት የውጭ ቋንቋ ፊልሞች አንዱም ነበር፤ ከኢራን የመጀመሪያው።

ለአባትህ ብዬ ያስቀመጥኩት ትዕይንት አለ። የዓሊ አባት የመስጊዱን ስኳር እቤቱ አምጥቶ ይሰባብራል፤ ለሐዘን ዝግጅት ለሚቀርበው ሻይ ነው። ልጁ ሻይ ታቀርብለታለች። ስኳር አምጪ ይላታል። ይኸው ፊትህ ተከምሮ የለም ወይ ትለዋለች። ይኼ የመስጊድ ነው፣ አደራ የሰጡን ነው ብሎ አንዲት ጠጠር ሳይነካ ይቀራል። የደብር አስቤዛ በእጁ ያለፈ፣ ለማኅበር የተጠመቀ ጠላ ሳይቀምስ ያደረ የጎጃም ሰው ይህን ሲያይ ሰውየው የየት አገር፣ የምን ሃይማኖት እንደሆነ ይረሳዋል። እኔ ጋ ሲታይ አንድ የደብር ሹም እንግዳ ነበሩ፤ «ይኼስ የእኛ ሰው ነው» አሉ።

ቋንቋው ፋርስኛ ስለሆነ ግን ጽሑፉ ይመጣባችኋል። እዚህ ላይ እህትህን ሥራ ስጣት። የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ እያየች ጮክ ብላ በአማርኛ ትናገር፤ በዚህ ፊልም ንግግሩ አጭር አጭር ነው፣ ትችለዋለች። ብትሳሳት ማንም አያርማት፤ አንተ አስተማሪነትህን እዚያው መማሪያ ክፍል ውስጥ ትተህ ግባ። እናትህ «አንብቢ አትበለኝ» ማለታቸው ከማንበቡ ይልቅ ብቻቸውን መድከሙን ጠልተው ይመስለኛል። «ትርጉም ፊልም» እየተባለ ተራኪ ከላዩ የሚያወራበት አለ፤ አንዳንዱ እንኳ ደህና ነው፣ ብዙው ግን ተራኪው በራሱ ቀልድ ራሱ እየሳቀ ፊልሙን ይሰርቀዋል። የቤት ልጅ ድምፅ ይሻላል።

አያትህ «የማን ልጅ ነው?» ሲሉ አቁመህ መልስላቸው። ጥያቄው ቀልድ አይደለም። ሰው ያለ ዘር ያለ አገር ከየት መጣ? ጥሩ ደራሲ ራሱ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው።

ለእሳቸውና ለትንሹ ወንድምህ ግን ቋንቋ የሌለበት ፊልም አለኝ፤ ቻርሊ ቻፕሊን። እ.ኤ.አ. በ1921 የወጣውን «ዘ ኪድ»ን ወይም በ1936 የወጣውን «ሞደርን ታይምስ»ን ክፈት። በመጀመሪያው መንገድ ላይ የተጣለ ሕፃን አንስቶ የሚያሳድግ ድሃ ነው። በሁለተኛው ፋብሪካ ውስጥ ብሎን ሲያጠብቅ ውሎ እጁ አልቆም ይለዋል፤ ሠራተኛው ለምሳ ሥራ እንዳያቆም የሚያጎርስ ማሽን ይመጣበታል። ማሽኑ በቆሎ እየገፋ አፉን ሲያሽከረክርበት የ9 ዓመት ልጅና የሰማንያ ዓመት ሴት እኩል ይስቃሉ። ጎርሶ ማጉረስ ለሚያውቅ ሰው ማሽን ሲያጎርስ ማየት ከማንም በላይ ያስቃል። አልፎ አልፎ የሚመጣውን ጽሑፍ ባታነቡትም አይጎዳችሁም። ተራበና ጫማውን ቀቅሎ የሚበላበት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1925 የወጣው «ዘ ጎልድ ረሽ» ነው፤ ማሰሪያውን እንደ ፓስታ በሹካ ይጠቀልለዋል። እናቴ ያንን አይታ «ቆዳ ነው፤ ለጾም ይሆናል?» ብላ ጠየቀች፤ ቤቱ ለሁለት ተከፍሎ እስከ እኩለ ሌሊት ተከራከረ።

ከነዚህ ሁሉ አብልጬ የምመኝልህ ማታ ግን የ«ላጋን» ማታ ነው።

«ላጋን» የህንድ ፊልም ነው፤ አሹቶሽ ጎዋሪከር የሠራው፣ አሚር ካን የሚጫወትበት፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ። «ላጋን» ማለት የመሬት ግብር ማለት ነው። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1893፤ ዝናብ ጠፍቷል፣ የእንግሊዝ ሹም ግን በዚያው ዓመት ግብሩን እጥፍ ያደርገዋል። ገበሬዎቹ ሲያመለክቱ ሹሙ ውርርድ ያመጣል፦ በእኛ ጨዋታ፣ በክሪኬት፣ ካሸነፋችሁን የሦስት ዓመት ግብር ይቀርላችኋል፤ ከተሸነፋችሁ ሦስት እጥፍ ትከፍላላችሁ። ገበሬዎቹ ክሪኬት አይተው አያውቁም። ቀሪውን አልነግርህም።

ክሪኬት እንዴት ላስረዳ ብለህ አትጨነቅ። በዱላ ኳስ መምታት ነው፤ የገና ጨዋታ የሩቅ ዘመድ። አባትህ በልጅነታቸው ሩር ያሳደዱ ከሆነ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ለአንተ ያስረዱሃል። የግብሩን ነገር ግን ማንም ለማንም ማስረዳት የለበትም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ሲመጣ ተቃውሞው እንደ ጎጃም የበረታበት አገር አልነበረም። ገበሬው የፈራው ከገንዘቡ ይልቅ መሬት ልኬታውን ነበር፤ ገመድ የገባበት ርስት ከእጅ ይወጣል ብሎ። ጦር ዘመተ፣ ሰው ሞተ፤ በመጨረሻ አገረ ገዥው ተነሡ፣ ውዝፉ ግብርም ተሰረዘ። ያኔ አያትህ ልጅ ያዘሉ ሴት፣ አባትህ ከብት የሚጠብቁ ልጅ ሳይሆኑ አይቀሩም። በፊልሙ ውስጥ ገበሬዎቹ ሰማዩን እያዩ ደመናው ሲያልፋቸው፣ ከዚያ የግብር ጭማሪው ሲነገራቸው፣ የአያትህን ፊት እየው። ዝም ካሉ አትነካቸው። ከተናገሩ ስልክህን አውጥተህ ድምፃቸውን ቅዳ። እኔ የራሴን አያት አልቀዳሁም።

ፊልሙ ሦስት ሰዓት ከአርባ አራት ደቂቃ ነው። አትደንግጥ፤ ዘፈን የበዛበት ነው፣ ዘፈኑን የሠራው ኤ. አር. ራህማን ነው፣ እናትህም በዘፈኑ ጊዜ ወጥ ያማስላሉ። ለሁለት ማታ ክፈሉት። ክሪኬቱ ከመጀመሩ በፊት ብታቆሙት ትንሹ ወንድምህ ጠዋት ማገዶ ለቀማ ሄዶ ዱላ ቀርጾ ይመለሳል።

ሌሎቹን ፈጠን ልበል። የያሬድ ዘለቀ ፊልም፣ «ላምብ» የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በካን የፊልም ፌስቲቫል በይፋ ከተመረጡት ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ኤፍሬም የሚባል ልጅ እናቱ ሞታ፣ አባቱ ለሥራ ሲሄድ ተራራ ላይ ዘመድ ቤት ይተወዋል፤ ያለው አንዲት በግ ናት፣ ቹኒ። አጎትየው ለበዓል እናርዳት ይላል። ልጁ ደግሞ ወጥ ቤት መግባት ይወዳል፣ ለዚህም ይገሠጻል። አማርኛ ነው፤ ሁላችሁም ትሰሙታላችሁ። ትንሹ ወንድምህ የእናንተን በግ ስም አውጥቶላት ከሆነ ግን ከእንቁጣጣሽ በፊት አታሳየው፤ የበዓሉን ሥጋ አይበላላችሁም።

«ድፍረት»ን ለእህትህና ለእናትህ አቆየው። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው ነው፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተጠለፈች ልጅ፣ ጠላፊዋን የገደለችበትና ፍርድ ቤት የቀረበችበት ታሪክ። ከባድ ነው፤ የ15 ዓመት ልጅ ታየው ዘንድ የምወስነው እኔ አይደለሁም፣ እናትህ አስቀድመው አይተውት ይወስኑ። በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ካገባት ከክስ የሚድንበት ቀዳዳ ነበር፤ በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ነው የደፈነው። እናትህ ያደጉት በአሮጌው ሕግ፣ እህትህ በአዲሱ ነው። ፊልሙ ካለቀ በኋላ ሁለቱ ብቻቸውን ቢቆዩ ደግ ነው፤ አንተ በረንዳ ላይ ሬዲዮ አዳምጥ፣ ተራው ያንተ ይሁን።

የኃይሌ ገሪማን «ጤዛ» ዲስኩ ላይ ካገኘኸው ለራስህ ተወው። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ፣ በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማት ያገኘ ትልቅ ሥራ ነው፤ ጀርመን ተምሮ የተመለሰው አንበርብር በእናቱ ቤት የሚሰማውን፣ አንተ ከሥራ ቦታህ ወደ ወላጆችህ ቤት ስትገባ በጥቂቱ ታውቀዋለህ። ነገር ግን ቀይ ሽብሩም፣ የጀርመኑም ነገር አለበት፤ ለቤተሰብ ማታ አይሆንም። የዚሁ ሰው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የሚለው ጥቁርና ነጭ ፊልም፣ በ1966 ዓ.ም. ንጉሡ ሊወርዱ በተቃረቡበት ጊዜ የተቀረጸው፣ ከተገኘ ግን አባትህ ተመልሰው በተቀመጡ በሦስተኛው ሳምንት ክፈተው። ባለመሬቱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጭሰኛውን ሲያዝ ብዙ ነገር ያስነሣል። ቀርፋፋ ነው፤ ትንሹ ልጅ ይተኛ።

ስለ ዲስኩ አንድ ቃል። ሰማንያውን ፊልም ጓደኛህ ከየት እንዳመጣው አልጠይቅህም፤ የእኔም ፍላሽ ንጹሕ ነው ብዬ አልምልም። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ 410/1996 ከወጣ ሁለት አሥርት ዓመታት አልፈውታል፤ እኛ ግን ዛሬም «ገልብጥልኝ» እንላለን። ቢያንስ የአገራችንን ፊልም ባለቤቶቹ ራሳቸው ዩቲዩብ ላይ የጫኑት ካለ፣ ኔትወርክ ባለበት ቀን ከዚያ እየው። የፈረንጁ ፊልም ሠሪ መቼም አያጣም፤ የእኛው ግን ሁለተኛ ፊልም የሚሠራው የመጀመሪያው ሲያበላው ነው።

ፍልሰታ ሳትገባ ጀምር። ነሐሴ አንድ ከገባች አባትህ ፊልሙን ብቻ ሳይሆን ቴሌቪዥኑንም አያዩትም፤ አንተም አትሟገት። መብራት ሊሄድ ስለሚችል ላፕቶፑን ቀን ሙላው፤ መብራት ሲሄድ ቴሌቪዥኑ ይጠፋል እንጂ ላፕቶፑ አይቆምም፣ ሁላችሁም ወደ ትንሿ ስክሪን ተጠጋግታችሁ ትጨርሱታላችሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ «የገነት ልጆች»ን እኛ ቤት የጨረስነው እንደዚያ ነው፤ ስድስት ሰው በአንድ ጋቢ።

አባትህ በ«ቁራኛዬ»ም ካልገቡ አንድ ሳምንት ጠብቅና ሌላ ጻፍልኝ። ሪሞቱን ግን ከአያትህ መደብ ላይ፣ ከምንጣፉ ሥር ፈልገው። የእኔ ሁልጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው።

እትዬ